ጥቁሯ መኪና በጨው ሜዳ ላይ

እሑድ፣ ጥር 6 ቀን 1948 ዓ.ም.፣ ጠዋት

የሞተሩን የላይ ክዳን መፍታት ጀመርኩ። ሁለት ብሎን ዝጎ እንቢ አለኝ። ናፍጣ አፈሰስኩበት፤ እስከ ከሰዓት ይጠጣ። አሰብ ብረት ትበላለች። ሰውም ትበላለች፤ ለሰው ግን አትቸኩልም።

የኋላውን ወንበር አወጣሁ። ምንጣፉን፣ የበሩን ልብስ፣ የጣሪያውን ጨርቅ፣ የሚከብደውን ሁሉ አወጣሁ። ቤታችን ጓሮ ካለው ዳስ ሥር ተደርድሮ ሲታይ የሟች ዕቃ ይመስላል። ነውም።

ላንተው ልንገርህ፣ ደብተሬ፤ ቤት ውስጥ የሚወራ ነገር አይደለም። መኪናዋ የታደሰ ናት። የባለቤቴ የአልማዝ ወንድም። ከአራት ዓመት በፊት ከደሴ ሲመለስ ባቲ ቁልቁለት ላይ ገደል ገብቶ ሞተ። መኪናዋን በካሚዮን አምጥተው ጨው ማምረቻው ጓሮ ጣሏት። አፍንጫዋ ተጨፍልቋል፣ ሌላው አካሏ ደህና። ማንም ዞር ብሎ አላያትም። አሮጌ፣ ጥቁር፣ ባለ አራት በር፣ ከጦርነቱ በፊት የተሠራች የቤተሰብ መኪና። ዶሮ ሲፈለፈልባት ኖረ።

አሁን ግርማ ፈለጋት። የአልማዝ የመጨረሻ ወንድም ነው፣ ቴሌግራፍ ቤት ይሠራል። የካቲት 4 ጨው ሜዳው ላይ እሽቅድምድም አለ። በእሷ ልሩጥ፣ አዘጋጅልኝ ጋሼ አለኝ። እንቢ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም፤ ጎትተን ቤት አመጣናት።

ምክንያቱ ይገባኛል። ለደሴ መንገድ ያዘጋጀኋት እኔ ነበርኩና፣ ያኔ ፖሊስ ሲጠይቀኝ ፍሬኑን ረግጬ አየሁት፣ ይይዛል አልኩ። ይይዝም ነበር። ፍሬኑ ደህና ከሆነ ጥፋቱ የነጂው ነው። መጠጡን ከተማው ራሱ ጨመረበት። ታደሰ ጠጥቶ ነዳ ተባለ። ታደሰ ጠላ እንኳ አይቀምስም ነበር። ግርማ በዚችው መኪና ሮጦ የሰውን አፍ መዝጋት ይፈልጋል።

አልማዝ ነገሩን ስትሰማ ድስቱን አውርዳ ወጣች። ሁለቱንም ያሳደገቻቸው እሷ ናት። አንዱን ይቺ መኪና ወስዳባታለች።

ማክሰኞ፣ ጥር 8፣ ከቀኑ 10 ሰዓት

ከወደብ ወርክሾፕ ስወጣ ክዳኑን ይዤ መጣሁ። ብረት መላጫው ቶርኖ ላይ ትንሽ አስላጨሁት። ሞተሩ አሁን ቤንዚኑን ጠበቅ አድርጎ ያፍናል፤ ጉልበት ያገኛል። ብዙ ብልጨው ይፈነዳል። ልኩን የሚያውቅ ሰው ነኝ ብዬ አስባለሁ።

ለኋላው የሞላ ብረት፣ ለባሌስትራው፣ ከካሚዮን አንድ ቅጠል ቆርጬ ጨመርኩ። ኩርባ ላይ እንዳትተኛ።

ፍሬን። አሮጌውን ዘይት አወጣሁ። ቡናማ፣ ዝገት ያለበት። በጣቴ ቀመስኩት፣ ልማድ ነው። ጨው ጨው ይላል። እዚህ አገር ምን ጨው ጨው የማይል አለ። ትራሴም ይላል። አፈሰስኩት። የፍሬኑን ላስቲኮች በሙሉ ቀየርኩ።

የፋብሪካ ፍሬን ዘይት ከመርከብ አልወረደም። በጦርነቱ ጊዜ እንደምናደርገው የጉሎ ዘይት ከአልኮል ቀላቀልኩ። ሁለቱንም ከሐጂ ሰይድ ሱቅ። ወሎዬው ሐጂ አልኮል ሲሸጥልኝ ጠርሙሱን በሁለት ጣቱ ነው የሚይዘው፣ እንደ ሞተ አይጥ።

«ለፍሬን ነው ትላለህ መኮንን። አላህ ለፍሬኑ ይበለው!»

የቀረኝ ነገር አንድ ነው። የነጂውን ወንበር ገና አላወጣሁትም። ቆዳው ላይ የታደሰ ጀርባ ጎድጉዶ ቀርቷል። በእንጨት ብቀይረው መኪናዋ ትቀላለች። ነገ አወጣዋለሁ።

ዓርብ፣ ጥር 11። ጥምቀት

ወንበሩን አላወጣሁትም።

ታቦት ትናንት ወደ ባሕር ወርዶ አድሯል። አሰብ ወንዝ ስለሌላት ቄሶቹ ባሕሩን ነው የሚባርኩት። ሕዝቡ ጨዋማውን ውሃ ተረጨ፣ በጠርሙስ ቀዳ። አልማዝም ቀዳች። የወደብ ኩሊዎችና የአፋር ዓሣ አጥማጆች ከጀልባ ላይ ሆነው እያዩን ይስቃሉ። ከራሔይታ መንደር የመጣ አንዱ፣ እናንተ ዓመት ትጠብቃላችሁ፣ እኛ በየቀኑ እንጠመቃለን አለ። ሁሉም ሳቀ።

ከሰዓት አንድ ያልጠበቅሁት ነገር። አልማዝ ዳሱ ድረስ መጣች። ከዚህ ቀደም ፊቷን አዙራ ነበር የምታልፈው። የሞተሩን መክደኛ በመዳፏ ነካችው። ያቃናሁትን አፍንጫ አየች። ግርማ ይኸ ምንድነው፣ ያ ምንድነው እያለ ያስረዳታል፤ እሷም ትጠይቃለች። ደስ አለኝ። ከአራት ዓመት በኋላ አንድ በር የተከፈተ መሰለኝ።

እሑድ፣ ጥር 13፣ ከምሽቱ በፊት

ሥርዓት የለውም ጽሑፌ።

ጠዋት ጨው ሜዳው ላይ ወጣን። የጨው ማምረቻው ሰዎች ከኩሬዎቹ ባሻገር የሬንጅ በርሜል ደርድረው ዙር ሠርተዋል። ሜዳው እንደ ሲሚንቶ ጠንካራ። ከዳር ወጣ ካልክ ግን ጭቃ ነው፣ እስከ ጉልበት የሚውጥ። ማሪዮም መጥቶ ነበር፣ የጨው ማምረቻው ጣሊያን፤ ቀይ ክፍት የስፖርት መኪና አለው።

«መኮንን! ለቀብር ነው የመጣኸው? ስንት ሰው ትጭናለች?»

«አንድ ሰው፣ አንተን» አለው ግርማ።

ግርማ ተነሣ። ሞተሩ ጥሩ ጮኸ። ረዥም ጭስ ማውጫውን ቆርጬ አሳጥሬዋለሁ፤ ድምፁ ከሰውነቷ ይበልጣል። መጀመሪያው ዙር ጥሩ። ሁለተኛው ደግሞ ከማሪዮ ጋር እኩል። ማሪዮ ባርኔጣውን አወለቀ።

ከዚያ በባሕሩ በኩል ያለው ኩርባ። ፍሬን መያዝ ያለበት ቦታ ላይ አልያዘም። መኪናዋ በርሜሎቹን በትና ጭቃ ውስጥ ገባች። ሮጥኩ። ግርማ መሪውን እንደያዘ ተቀምጧል። ምንም አልሆነም። ፔዳሉ እስከ ወለሉ ወረደ፣ ምንም የለም፣ ባዶ ነው አለኝ።

ከጭቃው አስወጥተን እኔ ረገጥኩት። ይይዛል። እንደ ድንጋይ።

ልክ እንደ ያኔው። ከባቲ ስትመጣም ረግጬው ነበር።

አልማዝ ወሬውን ከእኛ በፊት ሰምታለች። ስንገባ ግርማን ከራሱ እስከ እግሩ ዳበሰችው።

ሰኞ፣ ጥር 14

ፍሬኑን ፈታሁ። ላስቲኮቹ አዲስ፣ ሰላም ናቸው። ዘይቱን በብርጭቆ አወጣሁ። ከሥር ውሃ ተኝቷል። ቀመስኩ። ጨው።

ውሃ ከየት ገባ? ፍሬን ውስጥ ውሃ ካለ ሲቀዘቅዝ ይይዛል፤ ደጋግመህ ስትረግጥ ጎማው ውስጥ ያለው ብረት፣ ታምቡሩ፣ ይግላል፣ ውሃው ይፈላል፣ እንፋሎት ይሆናል። እንፋሎት አይረገጥም። ይህን አውቃለሁ። የማላውቀው ከየት እንደመጣ ነው።

ሐጂ ሰይድን ያዝኩት። አልኮሉን በውሃ አበዛኸው አልኩት።

«ወላሂ መኮንን፣ እኔ የማልቀምሰውን ነገር በምን ላውቀው? አንተ ቅመሰውና ንገረኝ!»

ደንበኞቹ ሳቁብኝ። በማንኪያ አድርጌ ለኮስኩት። በሰማያዊ ነበልባል ነደደ፤ ማንኪያው ደረቅ ቀረ። ንጹሕ ነው። ይቅርታ ጠየቅሁ። ሐጂ ሻይ አዘዘልኝ፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ የሞተ ሰው መኪና አይነካም፣ ተዋት አለኝ።

አጠብኩ፣ አዲስ ቀላቀልኩ፣ አየሩን አስወጣሁ። ሞተሩ ጎን ያለውን የፍሬን ዘይት ጣሳ ክዳን በላስቲክ አሰርኩ።

እሑድ፣ ጥር 20

ደገመው።

ያው ኩርባ። ግርማ ዛሬ ተጠንቅቆ ስለነበር መሪውን ወደ ውስጥ ጠመዘዘው፣ መኪናዋም ዞራ ቆመች። ወርዶ ጨው ላይ ተቀመጠ። «ጋሼ፣ ቅርንፉድ ሸተተኝ» አለ።

ታደሰ ጥርሱን ስለሚያመው ቅርንፉድ ነበር የሚያኝከው። ቆዳው ሲግል ሽታውን ይተፋል፣ ሌላ አይደለም። እንደዚህ አልኩት። ለራሴም እንደዚህ አልኩት።

የሜዳው ዘበኛ ዓሊ መጣ። ዘወትር በአማርኛ ይቀልዳል፤ ዛሬ አልቀለደም። መኪናዋ ስትሄድ ሁለት ሰው ነው ያየሁት፣ ስትቆም ግን አንድ ብቻ ነበር አለኝ። ፀሐይ ነው አልኩት። እሺ ፀሐይ ነው አለኝ።

ማሪዮም አልቀለደም።

ዘይቱን ቤት አውጥቼ ቀመስኩ። ጨው። ከባለፈው የበዛ። ክዳኑን ያሰርኩበት ላስቲክ እንዳለ ነው።

ረቡዕ፣ ጥር 23፣ ማታ

ትናንትና ዛሬ ፈቃድ ወሰድኩ። ፍሬኑን ከሥሩ ፈትቼ አጥቤ ገጠምኩ። ዛሬ ብቻዬን ሜዳው ላይ ነዳኋት፣ ታምቡሩ ምራቅ ሲነካው እስኪጮህ ድረስ። ያ ኩርባ ላይ ሆን ብዬ አጥብቄ ረገጥኩ። ያዘ። ደገምኩ። ያዘ። ስደክም ተውኩ።

ለእኔ ይይዛል። ለታደሰ ወንድም አይይዝም።

ይህን ጽፌ ብዙ ጊዜ አየሁት። አርባ ስድስት ዓመቴ ነው። ሞተር ስፈታ ነው ያደግሁት፤ ጋኔን ሲባል እስቃለሁ። ዛሬ ስመለስ ግን አጠገቤ ወዳለው ወንበር ላለማየት ዓይኔን መንገዱ ላይ ተክዬ ነው የመጣሁት። ወንበር እንኳ የለም እዚያ። አውጥቼዋለሁ።

የነጂውንም ዛሬ አወጣሁ። በእንጨት ቀየርኩ። ቆዳውን አቃጠልኩት። አልማዝ ከደጃፍ ሆና ጭሱን አየች።

ሐሙስ፣ ጥር 24

ግርማን ተው አልኩት። ከተማው ይሳቅ፣ ምን ይሆናል። ጋሼ፣ አንተ ነህ ፍሬኑ ደህና ነው ያልክ፤ ያኔ ብለሃል፣ አሁንም ብለሃል፤ ደህና ከሆነ እነዳለሁ፣ ካልሆነ ታደሰ ንጹሕ ነበር ብለህ አደባባይ ላይ ተናገር አለኝ። የማላውቀውን ምን ብዬ እናገራለሁ?

አልማዝ ከውስጥ ትሰማ ነበር። ሳህን ወደቀባት።

እሑድ፣ ጥር 27

ሜዳ አልወጣንም። ከዓርብ ጀምሮ ነፋስ ነው። የጨው አቧራ ዓይን አያስገልጥም። በፍሬኑ ፋንታ ካርቡራተሩን አስተካከልኩ። የተሻለ ትተነፍሳለች። አሮጌ ናት፣ ከባድ ናት፣ ግን ማንም ያልጠበቀው ጉልበት አላት። እንዲህ ያለች መኪና በሌላ ጊዜ ብትገጥመኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ቅዳሜ፣ የካቲት 3፣ ከሰዓት

አሁን አውቃለሁ። ባላወቅሁ።

ነገ ውድድር ነው። ጠዋት የጎማ ማንሻዬን ረስቼ ከሥራ ወደ ቤት ተመለስኩ። አልማዝ ዳሱ ሥር ናት። የሞተሩ መክደኛ ተከፍቷል። ነጠላዋን አደግድጋለች። በግራ እጇ የፍሬኑን ዘይት ጣሳ ክዳን ይዛለች፣ ላስቲኩ ክንዷ ላይ እንደ አምባር። በቀኟ የጥምቀቱ ጠርሙስ። በስመ አብ ብላ ታንጠባጥባለች።

አጠገቧ ሄጄ ቆምኩ። አላፈረችም፣ አልደነገጠችም።

«የሚያቆመው ይኸ ነው አይደል? መሄዱን ተወው፣ ቢሄድ ባይሄድ ምን ቸገረኝ። እኔ እንዲቆምልኝ ነው።»

ከመቼ ጀምሮ ነው አልኳት። ግርማ ሊነዳት ሲል ሁልጊዜ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ። ባለፈው ሳምንት ነፋሱ ስላስቀራችሁ ተመስገን ብዬ ተውኩት አለችኝ። መጀመሪያ ጊዜ ፍሬኑ እንቢ ሲለው ያነሰ መስሏት ጨመረች።

ከዚያ የተናገረችውን ልክ እንዳለችው እጽፈዋለሁ።

«ለታደሰም አድርጌለታለሁ እኮ። ከጥምቀት ማግስት ደሴ ሊሄድ ሲል። ጣሳውን ያሳየኝ እሱ ራሱ ነው፤ እትዬ፣ ነፍሴ ያለችው እዚች ውስጥ ናት ብሎ ሳቀብኝ። ያኔ ግን ትንሽ ነበር የጨመርኩለት። ትንሽ ስለሆነ ይሆን መኮንን?»

ዓይኔን አየችኝ። ከልቧ ነው የምትጠይቀው። አራት ዓመት ስትጠይቅ የኖረችው ይህንን ነው።

ባቲ ቁልቁለት። ያ ሁሉ ጠመዝማዛ፣ እግሩ ከፍሬን ሳይነሣ። ታምቡሩ ጋለ፣ ውሃው ፈላ። መኪናዋ ገደል ውስጥ አድራ ቀዘቀዘች። እኔ ቀዝቃዛ ፍሬን ረግጬ ይይዛል አልኩ። ዝገቱንና ጨዉን በጣቴ ቀምሼ አፈሰስኩት።

ትንሽ ስለሆነ አይደለም አልኳት። እውነት ነው፣ ትንሽ ስለሆነ አይደለም። ጸበሉ እዚህ ሳይሆን ራዲያተሩ ላይ ነው የሚገባው፣ የመኪና ሆድ እሱ ነው፣ ከእንግዲህ እዚያ አድርጊ አልኳት።

«ታዲያ ቀደም ብለህ አትነግረኝም!» አለች። የቀረውን ራዲያተሩ ውስጥ አፈሰሰች። ፊቷ ቀለል አለ። ምሳ ልሥራ ብላ ገባች።

ፍሬኑን እንደገና አጠብኩ። እያጠብኩ አንድ ጊዜ ማቆም ነበረብኝ። አጎነበስኩና ብሎን የወደቀብኝ መሰልኩ።

እሑድ፣ የካቲት 4፣ 6 ሰዓት ተኩል

ግርማ በሕይወት አለ። መጀመሪያ ይህ ይጻፍ።

ሁለተኛ ወጣ። ማሪዮ በአንድ መኪና ርዝመት ቀደመው። ጥቁሯ በዚያ ኩርባ ዙር በዙር ጥርሷን ነክሳ ያዘች። ፍሬኗ ሲነካ የበርሜሎቹ ጥላ ላይ ነበርኩ። ጋኔን የለም። ምንም የለም። ጉሎ ዘይት ነው።

ሕዝቡ ሮጦ ከበባት። ማሪዮ መጥቶ የሞተር መክደኛዋን መታ መታ አደረገና «ይቅርታ ሲኞራ» አላት። ሐጂ ሰይድ ከነጥምጣሙ ዘለለ። አልማዝ ጨው ላይ ተንበርክካ ተሳለመች።

ከዚያ ነገሩ ዞረ። ከሕዝቡ መካከል አንድ የጉምሩክ ሰው፣ ክፋት የለውም፣ ደስ ብሎት ነው የተናገረው።

«እንዲህ ያለ ፍሬን ያላት መኪና! ታዲያ ታደሰ ምስኪን፣ ምን ያህል ቢጠጣ ነው?»

ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። አዎ፣ አዎ፣ አረቄ መጥፎ ነው። ግርማ መነጽሩን ግንባሩ ላይ እንዳደረገ ደርቆ ቀረ። ያን ሁሉ የሮጠው የወንድሙን ስም ሊያነሣ ነበር፤ አሁን በገዛ እጁ ከመሬት ደባለቀው። ፍሬኑ በያዘ ቁጥር ታደሰ ሰካራም ሆነ። ወደ እኔ አየ። አልማዝም አንገቷን ደፋች።

ወደ ቤት ስንመለስ የሚሰማው ሞተሩ ብቻ።

አሁን ዳሱ ሥር ተቀምጬ ነው የምጽፍልህ። አስቤዋለሁ። ውሃው ነው ብል ታደሰ ይነጻል፣ አልማዝ ግን ከዚያ ወዲያ አንድ ቀን አትኖርም። ቆማ ትሄዳለች፣ ትበላለች፣ ግን አትኖርም። ዝም ብል ታደሰ መቃብሩ ውስጥ ሰካራም ሆኖ ይቀራል፣ ግርማም ከእሱ ጋር ይበሰብሳል።

ሦስተኛ መንገድ አንድ አለ። ለደሴ መንገድ መኪናዋን ያዘጋጀሁት እኔ እንደሆንኩ ከተማው ያውቃል። የፍሬን ላስቲኮቹን ያኔ ቀይሬ ነበር፣ በእጄ፣ አንድ በአንድ። አልቀየርኩም እላለሁ። ቸኩዬ አሮጌውን ተውኩት፣ ተቀደደ፣ ፖሊስ ሲጠይቀኝ ፈርቼ ዋሸሁ እላለሁ። ግርማ ያምነኛል፤ ማመን ይፈልጋል። ጉምሩክም፣ ሐጂም ያምኑኛል። አልማዝም ታምነኛለች።

ከዚያ በኋላ በዚህ ቤት ምን ብላ እንደምትጠራኝ አላውቅም። ወንድሟን የገደለ ሰው አብሯት እንዲተኛ ትፈቅድ እንደሆነም አላውቅም። ካልፈቀደች ወርክሾፑ ውስጥ አልጋ አለ።

ቃሉን ሁለት ጊዜ ለራሴ ተናገርኩት። ድምፄ ጥሩ ነው፣ ያሳምናል።

ከውስጥ እየተጣራች ነው። መኮንን፣ ግርማ፣ ኑ ሳይቀዘቅዝ ትላለች። ድምፅዋ ከጠዋቱ ተሽሏል። ዓሣ ጠብሳለች።

እነግራቸዋለሁ። መጀመሪያ ግን ትብላ።